ዝናቡ ቻልቢን ሳይዘጋ

ማርሳቢት፣ ኦገስት 22 ቀን 1993

ይድረስ ለምዜ ኪያራ፣ ናንዩኪ

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለወንድሜ ለሞሉ የጻፉለትን ሦስት ደብዳቤ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ታናሹ ያታኒ። ሁለቱን ሳልከፍት አስቀምጬ ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ ግን ፖስታው ጀርባ ላይ «ሰነፍ፣ እጅህ ተሰበረ ወይ?» ብለው ስለጻፉበት፣ ከዚህ በላይ እንዲጠብቁ ማድረግ ነውር ሆኖ ተሰማኝ።

ሞሉ ጁላይ 9 ቀን ዐርፏል። የታመሙ ግመሎችን ለማከም መድኃኒት ይዞ ከቻልቢ በረሃ ማዶ ወዳሉት ጉድጓዶች ሄዶ ነበር። እዚያ ትኩሳት ያዘው። አብረውት የነበሩት ሰዎች በግመል ጭነው ወደ ክሊኒክ ሲያመጡት ሁለት ቀን ተጓዙ፤ በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ዐረፈ፣ እዚያው ቀበሩት። ይህን እንዲህ ባጭሩ የጻፍኩት ቆም ካልኩ መጨረስ ስለማልችል ነው።

ስለ እርስዎ ብዙ አውቃለሁ። ጋራዥዎ ውስጥ የሠራባቸውን ሁለት ዓመታት አውርቶ አይጠግብም ነበር። ባለቤትዎ ከጥቅም ውጭ በሆኑ መኪኖች መካከል ጎመን እንደሚተክሉ፣ እርስዎም ጎመኑን የረገጠ ደንበኛ እንደሚያባርሩ አውቃለሁ። እኔ ብሎን ሳጠብቅ «ሽማግሌው ምዜ ኪያራ ቢያይህ ያለቅስ ነበር» ይለኝና አስፈትቶ እንደገና ያስጠብቀኝ ነበር።

ለመጻፍ የደፈርኩት ግን ለመርዶ ብቻ አይደለም። እናቴ መቃብሩን አላየችም። ጉልበቷ ታሟል፣ ግመል ላይ መቀመጥ አትችልም፤ ወደዚያ የሚሄድ የጭነት መኪና ደግሞ የለም። ከእርስዎ ግቢ የሞተ ገዝቶ እሱ ያስነሳው ላንድሮቨር ግን ደጃችን ቆሟል። የእናቴ ወንድም አቡያ ጂርማ ሠላሳ ዓመት ጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ «እግር አውጡለት እንጂ መንዳቱን ለኔ ተዉት» ብሏል። ችግሩ ጊዜው ነው። በኦክቶበር መጨረሻ ዝናብ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ከዘነበ ቻልቢ ጭቃ ይሆንና ምናልባት እስከ ፌብሩዋሪ ማንም አያልፍበትም። እናቴ እስከዚያ መጠበቅ አለመቻሏን በአፏ አትናገርም። ማታ ማታ ግን መኪናው አጠገብ ሄዳ ስትቀመጥ አያታለሁ።

ሞተሩ ይነሳል። ማርሹ ይገባል። የኋላው ጎማ ግን አይዞርም። ከየት ልጀምር? ትምህርት ቤት ስለሆንኩ የምሠራው ከሰዓት በኋላና ቅዳሜና እሑድ ነው። ያሉኝ መፍቻዎች የእሱ ናቸው፤ ሙሉ ናቸው።

አክባሪዎ
ያታኒ



ማርሳቢት፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1993

ይድረስ ለምዜ ኪያራ

ደብዳቤዎ ሐሙስ በከብት መኪና ደረሰኝ። ስለ ሞሉ የጻፉትን ግማሽ ገጽ ለእናቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። በሦስተኛው ወረቀቱን ተቀብላኝ እጥፋቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን አልመለሰችልኝም። እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ እኔ ለጠየቁኝ፣ እበላለሁ። እንቅልፍም እተኛለሁ፣ ብዙ ባይሆንም። ክፍል ውስጥ የሒሳብ መምህራችን ምንም አይጠይቁኝም፤ ሌሎቹ ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ስለ መኪናው። በጻፉልኝ መሠረት በቀኝ በኩል የኋላውን ጎማ መሃል የያዙትን ስድስት ብሎኖች ፈታሁ። ከዲፈረንሻል ተነስቶ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ከነክዳኑ ሳብ ሳደርገው ምንም ሳይታገለኝ ወጣ፤ ግማሹ ብቻ ነበር። የቀረው ቁራጭ ውስጥ ቀርቷል። አቡያ ጂርማ ጎንበስ ብሎ አየና «የጠፋ ጥርስ ትፈልጋለህ፤ ችግሩ ግን ጥርሱ ያለው አዞ አፍ ውስጥ ነው» አለኝ። እርስዎ እንዳሉት የሽቦ ቋጠሮ ሠርቼ በቀዳዳው ሰደድኩ። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። አቡያ በርጩማ አምጥቶ ተቀመጠና ዓሣ የሚያጠምድ ሰው እንደሚያይ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ሲወጣ ግን ከእኔ በፊት የጮኸው እሱ ነው።

ዲፈረንሻሉን አጥቤ ፍርፋሪ ብረት አውጥቻለሁ። ጥርሶቹ ደህና ናቸው። የጠየቁኝን ሌላውንም ልንገርዎ፦ የፍሬኑ ጎሚኒዎች በሙሉ ደርቀዋል፤ የቤንዚን ጋኑ ከሥር ያንጠባጥባል፣ ለጊዜው ደረቅ ሳሙና አሽቼበት ቆሟል። የግራው የኋላ ባሌስትራ አንድ ቅጠሉ ተሰብሯል። አቡያ ጂርማ እርጥብ የግመል ቆዳ አምጥቶ በዚያ ላይ ጠምጥሞ አስሮታል። «ሲደርቅ ብረት ይሆናል» ይላል። እርስዎ ይስቁ ይሆናል፤ በአራት ቀን ውስጥ ግን በመዶሻ ስመታው መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ።

ዘንጉ እንዴት እንደተሰበረ የጠየቁኝን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ወረቀቱ አለቀብኝ።

አክባሪዎ
ያታኒ



ማርሳቢት፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1993

ይድረስ ለምዜ ኪያራ

የላኩልን ሣጥን ደረሰ። ሾፌሩ «ይህ መኪና ጠጋኝ ፉንዲያችሁ ድንጋይ ነው የላከው?» እያለ በሁለት ሰው ነው ያወረደው። ሁለቱንም ዘንጎች፣ ጎሚኒዎቹን፣ የፍሬን ዘይቱን፣ ከሁሉ በታች በጋዜጣ የተጠቀለለውን ጎመንም አግኝቻለሁ። ጎመኑ በመንገድ ጠውልጓል፤ እናቴ ግን አንዲት ቅጠል አልጣለችም።

እናቴ ሣጥኑን አይታ «ይህን መቀበል አንችልም» ብላ ነበር። ከዚያ ያስገቡትን ወረቀት አነበብኩላት፤ ዘንጎቹ ስጦታ ሳይሆኑ በዳባሬ የመጡ ናቸው የሚለውን። ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኛ ጋ በዳባሬ የተሰጠች ግመል የሰጪዋ እንደሆነች ትኖራለች፤ ተቀባዩ ወተቷን ይጠጣል፣ ሁለቱ ቤቶችም ከዚያ በኋላ እንግዳ አይባባሉም። «ለዚህ ለተራራ ሰው ማን አስተማረው?» አለች። ማን እንዳስተማረዎት ሁላችንም እናውቃለን። አቡያ ጂርማ ደግሞ «ዘንጉ ከወለደ ግን ግልገሉ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ላክልኝ ስላለኝ ነው የላክሁት።

ዘንጎቹን አስገብቻለሁ፤ እንዳሉትም የግራውን ደህና የሚመስለውን አውጥቼ ሁለቱንም ቀየርኩ። ጎማዎቹ በአየር ላይ ዞሩ። የፍሬኑን አየር ለማስወጣት ፔዳል የሚረግጥ ሰው አስፈለገኝ። አቡያ አልነበረም። እናቴን ደግፌ የሾፌሩ ቦታ ላይ አስቀመጥኳት። እኔ ከሥር ተኝቼ «ርገጪ»፣ «ያዢ»፣ «ልቀቂ» እላለሁ፤ እሷ በታመመ ጉልበቷ ትረግጣለች። አንድ ሰዓት ያህል ሠራን። በመጨረሻ ፔዳሉ ሲጠነክርባት «አሁን ከሥሬ አንድ ሰው እግሬን መልሶ ገፋኝ» አለች። ፍሬኑ ያዘ ማለት ነው።

አሁን ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ሣጥኑን ከተቀበልኩ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዘንጉን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ጁን 20፣ እሑድ ነበር። ሞሉ ለቅሶ ሄዶ ነበር፣ ቁልፉ ምስማር ላይ ነበር። ለሁለት የክፍሌ ልጆች መንዳት እንደምችል ላሳይ ብዬ መኪናውን ወደ አቀበቱ መንገድ አወጣሁት። አጋማሽ ላይ ቆመብኝ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ነዳጅ ረግጬ፣ ፍሪሲዮኑን ባንድ ጊዜ ለቀቅኩት። ከኋላዬ ጥይት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። የፊት ጎማዎቹን ማስገባት እሱ አስተምሮኝ ስለነበር በእነሱ እየጎተትኩ መልሼ ቦታው አቆምኩት። አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ አምስት ቀን አለፈ። መድኃኒቱን ሊጭን ሲያስነሳው የኋላው አልዞረም። ጎንበስ ብሎ አየ፤ «ስመለስ እፈታዋለሁ» አለ፤ ግመሎቹ እየሞቱ ነው ብሎ መድኃኒቱን በግመል ጫነ። እኔ ሣጥን አቀብለው ነበር። ያኔም አልነገርኩትም።

በግመል ሁለት ቀን የፈጀው መንገድ በመኪና ግማሽ ቀን ነው። ይህን ሒሳብ በየቀኑ እሠራዋለሁ። እናቴ አታውቅም። ከዚህ በኋላ ሊጽፉልኝ ባይፈልጉ አልቀየምዎትም። ዘንጎቹንም ፈትቼ እመልሳለሁ፤ ግን እባክዎ ከኦክቶበር በኋላ ይሁን።

ያታኒ



ናንዩኪ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1993

ልጄ ያታኒ

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን አልጻፍኩም። ሚስቴ «ጎመኔ ላይ የምትመላለሰው ምን ጠፍቶህ ነው?» አለችኝ። ጎመን ረግጬ ነበር። በሠላሳ ዓመት መጀመሪያዬ ነው።

ዘንጎቹን እመልሳለሁ የሚለውን ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ። በዳባሬ የሰጠሁትን መቼ እንደምጠይቅ የማውቀው እኔ ነኝ። ለአጎትህም ንገረው፤ ግልገሉ የእኔ ነው።

ስለ ሞት የማውቀው የለም። ስለ ብረት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ስለ ብረት ልጻፍልህ። የተሰበረውን ዘንግ ጥለኸዋል? ካልጣልከው አውጣው። ዘይቱን በቤንዚን እጠበው፤ በብሩሽ አትፈትገው። ከዚያ ቀን በፀሐይ የተሰበረበትን ፊት ተመልከት። ባንድ ጊዜ የተሰበረ ብረት ፊቱ ሁሉ ግራጫ ነው፤ እንደ ተሰበረ ስኳር ያብለጨልጫል። ሲሰነጠቅ የኖረ ብረት ግን ሌላ ነው። ስንጥቁ ከዳር ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ የገባበት ቦታ ዘይትና ዝገት ይጠጣል፣ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። የመጨረሻው ቀን የተሰበረው ብቻ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። የቱ ጥቁር፣ የቱ ግራጫ እንደሆነ በእርሳስ ሥለህ ላክልኝ። አታሳምረው። ለራስህም ብለህ፣ ለእኔም ብለህ አታሳምረው።

ለእኔ ያልኩት ምክንያት አለኝ። ያን ዘንግ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከአንድ ከተገለበጠ መኪና ያወጣሁት ነው። ሞሉ በእጁ አገላብጦ «ምዜ፣ መርምረውታል?» አለኝ። «ብረት እንጂ ጎመን ነው እንዴ የሚበሰብሰው?» ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። አልመረመርኩትም ነበር። የሠላሳ ዓመት ፉንዲ ነኝ፣ በቤንዚን ማጠብ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ስለዚህ ሥዕልህ የሚለውን እኔም መስማት አለብኝ። አሁን ዝናብ እዚህ ተራራው ላይ ደመና እየሰበሰበ ነው፤ ፍጠኑ። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ አካፋ፣ ረጅም ገመድ ያዙ። እናትህን ከፊት አስቀምጣት፤ ከኋላ ይንጣታል።

ኪያራ



ማርሳቢት፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1993

ይድረስ ለምዜ ኪያራ

ሥዕሉ ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። ሦስት ጊዜ ነው የሣልኩት፤ ምንም አላሳመርኩም።

የተሰበረበት ፊት ጥቁር ነው። ከዳር ጀምሮ የገባው ጥቁር እንደ ዛፍ ግንድ ክብ ክብ መስመር አለው፣ አንዱ ከአንዱ ውስጥ። መስመሮቹን ልቆጥር ሞክሬ ተሳከረብኝ። ግራጫው የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል ብቻ ነው። ምንም ሳልነግረው ለአቡያ ጂርማ አሳየሁት። በአንድ ዐይኑ አየና «ይህ እኮ በክር ነው ተንጠልጥሎ የኖረው። ሞሉ ቻልቢ መሃል ቢደርስ እዚያ ነበር የሚለቅበት፤ ውኃም ጥላም በሌለበት» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ምን ሆንክ አለኝ። ጭስ ገባብኝ አልኩት፤ ጭስ አልነበረም።

ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ። እናቴ ለትምህርት ቤት ቀስቅሳ ነው ያስነሳችኝ።

ይህን ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት። «ጥፋትህ አይደለም» ብለው ቢጽፉልኝ ኖሮ አላምንዎትም ነበር፤ ሁሉም ሰው ለልጅ እንዲህ ይላል። ብረቱን እንዳይ ላኩኝ። መናገር የነበረብኝን አለመናገሬን ግን ብረቱ አይመልስልኝም፤ እሱ የኔ ነው። አሁን ግን አንዱን ከአንዱ ለይቼ መሸከም እችላለሁ።

ስለ ራስዎ የጻፉትንም አንብቤያለሁ። ለአባት እኩያ ሰው ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ ማለት አያምርብኝም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልንገርዎ። ሞሉ በዚያ ዘንግ ሦስት ዓመት ነድቷል። በዚያ ዘንግ ምጥ የያዛቸው ሴቶች ሆስፒታል ደርሰዋል፤ የአንዷ ልጅ አሁን ግቢያችን እየመጣ መኪናው ላይ ይወጣል፣ ሳባርረው ምላሱን ያወጣብኛል። በዚያ ዘንግ እኔ ራሴ ማርሳቢት ገብቼ ነው ትምህርት ቤት የተመዘገብኩት። ሞሉ ይህንን ሁሉ ከእርስዎ ግቢ ነው ያመጣው። እናመሰግናለን። ይህን ቤታችን በሙሉ እንዳለው አድርገው ይቁጠሩት።

ለእናቴ የሠራሁትን ለጠየቁኝ፦ ከአሮጌ ባሌስትራ ቅጠል መርገጫ ቆርጬ ከፊት በሩ ሥር በብሎን አሰርኩ፤ በትከሻዋ ከፍታ ደግሞ የምትይዘው የገመድ እጀታ አደረግኩ። ወንበሩን ከፍ አድርጌ በበግ ቆዳ ሸፍኜዋለሁ። ትናንት ሦስት ጊዜ ወጣች፣ ሦስት ጊዜ ወረደች። አቡያ «ከወጣሽ ቲኬት ቁረጪ» አላት። «ሾፌሩ ሲቀየር እቆርጣለሁ» አለችው።

ትምህርት ቤቱ በኦክቶበር 15 ለአራት ቀን ይዘጋል። ያን ቀን ጎህ ሲቀድ እንነሳለን። ሰማዩ እስካሁን ንጹሕ ነው።

ያታኒ



ማርሳቢት፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1993

ይድረስ ለምዜ ኪያራ

እንደ ደረስን ቴሌግራም እንድልክ ጠይቀውኝ ነበር፤ ሳልልክ በመቅረቴ ይቅርታ። በአራት ቃል የሚያልቅ አልመሰለኝም።

ደርሰናል፣ ተመልሰናልም። ማክሰኞ ዘነበ። እኛ ሰኞ ማታ ነበር የገባነው። አሁን ቻልቢ ውኃ ሆኗል ይላሉ።

መኪናው እንዴት ሆነ ላሉኝ፦ ዘንጎቹ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ አላሰሙም። ራዲያተሩ ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጣ። የግመል ቆዳው ባሌስትራውን እንደያዘ ሄዶ እንደያዘ ተመለሰ፤ አቡያ ጂርማ ይህን በትልልቁ ጻፍለት ብሎኛል። ፍሬኑን የተጠቀምንበት ጥቂት ነው፣ ሜዳ ነውና፤ እናቴ ግን አቡያ በረገጠ ቁጥር «እኔ ነኝ የሠራሁት» ትል ነበር።

መቃብሩ ጋ ስለሆነው ብዙ አልጽፍም። ድንጋይ ክምር ነው፣ በደንብ የተከመረ። እናቴ በገመዱ እጀታ ይዛ ብቻዋን ወረደች፣ እንዳንይዛት በእጇ ከለከለችን። እኔና አቡያ መኪናው ጋ ቆየን። ፀሐይ ከአናታችን ወደ ምዕራብ እስክታዘነብል ድረስ እዚያ ተቀመጠች። ስትመለስ ፊቷ የደከመ ሰው ፊት ነበር፤ ባለፉት ወራት የነበረው ፊት ግን አልነበረም። ለእርስዎ መልእክት አላት፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ፦ «ለዚያ ለተራራው ሰው ልጄን አየሁት በለው። እግሩ አይድከም፣ እጁ አይዛል።»

እዚያ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። መንገዱን ሙሉ ቃላቱን ሳዘጋጅ ነው የሄድኩት። መቃብሩ ጋ ስደርስ ግን ሳልነግራት ቀረሁ።

በመልሱ፣ ሜዳው መሃል፣ ምንም በማይታይበት ቦታ አቡያ ጂርማ መኪናውን አቆመ። ወረደና በእኔ በኩል ዞሮ መጣ። ዐይኔ ደከመኝ፣ እዚህ የምትጋጨው ነገር የለም፣ ንዳ አለኝ። ዋሽቷል፤ ዐይኑ ከእኔ ዐይን ይሻላል። መሪውን ያዝኩ። እናቴ በመካከላችን ተቀምጣለች። ማስነሳት አቃተኝ። ሞተሩ እየሠራ ነው እኮ፤ እኔ ነኝ ያልተነሳሁት።

ያን ጊዜ ነገርኳት። የልጆቹን፣ የአቀበቱን፣ የድምፁን። ለእርስዎም ያልጻፍኩትን አንድ ነገር ጨምሬ፦ ያን እሑድ መኪናውን ከመለስኩ በኋላ የጎማውን ዱካ ከደጃችን እስከ መንገዱ ድረስ በቅርንጫፍ ጠርጌው ነበር።

እናቴ ወደ ፊት እያየች ሰማችኝ።

«ሞሉ የጠረግከውን ያን ዕለት ማታውኑ አይቶታል» አለች። «ወደ ውጭ ጠራኝና ደጁን አሳየኝ። በጣም ሳቀ። ‹አያቶቹ የአንዲት ግመል ዱካ ከመቶ ግመል መካከል የሚለዩ ሰዎች ናቸው፤ ይህ ልጅ ለእኛ መሬት ይጠርግልናል› አለኝ። ልጥራው ብለው ተይው አለ። ‹ራሱ ይነግረኛል፤ እስኪነግረኝ እጠብቀዋለሁ› አለ።»

ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም ልላት ፈለግኩ። እሷ ግን የሰማችኝ ይመስል መለሰች።

«እሱ ሲጠብቅህ ነበር። እሱ መጠበቅ ሳይችል ሲቀር እኔ ጠበቅኩህ። አሁን ነግረኸናል።» ከዚያ መዳፏን የመሪው ጠርዝ ላይ፣ ከእጄ አጠገብ አደረገች። «ንዳ።»

አቡያ ጂርማ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረም፤ እሱን የሚያውቁት ቢሆን ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባዎት ነበር።

ነዳሁ፣ ምዜ። ቻልቢ ዳር እስካለችው እስከ ማይኮና ከተማ ድረስ እኔ ነዳሁ።

ልጅዎ
ያታኒ